የመስከረም ጉዞ በከሚሴ መስመር፦ ተሽከርካሪን ማዘጋጀት ከቦሎ ያለፈ ጉዳይ ነው

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በከሚሴ አድርጎ ወደ ደሴ የሚዘልቀው ዋና መንገድ መልኩን ይለውጣል። በሌላው ጊዜ በአብዛኛው የጭነት ተሽከርካሪዎችና የመደበኛ አገር አቋራጭ አውቶቡሶች የሚመላለሱበት ይህ ጎዳና በመስከረም የቤተሰብ መኪኖች፣ በጉዞ ማኅበራት የተከራዩ ሚኒባሶችና ቅጥቅጥ አውቶቡሶች፣ ከኋላቸውም ድንኳንና ድስት የጫኑ ፒክአፖች ይበዙበታል። የብዙዎቹ መኪኖች የዓመት ውሎ ከከተማ አይወጣም፤ አሽከርካሪዎቻቸውም ይህን መስመር በዓመት አንድ ጊዜ ቢያዩት ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ዝግጅት ስናነሣ በቅድሚያ በሐሳባችን ያሉት እነዚህ ተጓዦች ናቸው።

የ2018 ዓ.ም. የቀን አቆጣጠር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የመስቀል በዓል መስከረም 17 ቀን ቅዳሜ ላይ ይውላል። የግሸን ደብረ ከርቤ ክብረ በዓል መስከረም 21 ቀን ረቡዕ ነው። ስለዚህ ወደ አምባሰል የወጣው ምእመን ሐሙስና ዓርብ፣ መስከረም 22 እና 23፣ ወደ ደቡብ ይመለሳል። በእነዚሁ ቀናት ደግሞ ከከሚሴና ከአካባቢው ለኢሬቻ በዓል የሚሄዱ ወገኖች ጉዞ ይጀምራሉ፤ በዓሉ በአዲስ አበባ ቅዳሜ መስከረም 24፣ በቢሾፍቱ እሑድ መስከረም 25 ይከበራልና። ሁለቱ ፍሰቶች በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ዳገት ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። ቀኑን የመምረጥ ነፃነት ያለው ተጓዥ መመለሻውን በአንድ ቀን ቢያዘገየው ወይም ቢያስቀድመው ከማንኛውም ጥገና የማይተናነስ ጥቅም ያገኛል።

አሁን ወደ መንገዱ እንግባ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ትገኛለች፤ ከፍታዋም ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ነው። ከዚያ መንገዱ ቀስ እያለ እየወጣ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በገደሉ ውስጥ የቀደዱት ዋሻ ዛሬም የዚህ መስመር በር ነው። ከዋሻው ማዶ ቁልቁለቱ ይጀምርና ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ ከ1,700 ሜትር በላይ መውረድ ማለት ነው። ጠዋት በጉም ውስጥ ካፖርት ለብሶ ዋሻውን ያለፈ ሰው ከረፋዱ በኋላ በቆላው ሙቀት ሸሚዙን ይከፍታል። መኪናው ግን የሚከፍተው ሸሚዝ የለውም፤ ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚሸከመው በፍሬኑ ነው።

የፍሬን ሥራ የተሽከርካሪን ፍጥነት ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ሜዳ ላይ የተፈጠረው ሙቀት ለመብረድ ጊዜ ያገኛል፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ እግርን ከፔዳሉ ሳያነሡ የሚወርዱ ከሆነ ግን ሙቀቱ ይከማቻል። ሸራው ሲግል መያዝ ያቅተዋል። ያረጀ የፍሬን ዘይት ካለ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው ዓመታት ሲቆይ የሚፈላበት የሙቀት መጠን ዝቅ ይላል፣ ሲፈላም በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። በየአደጋው ሪፖርት ላይ «ፍሬን እምቢ ብሎ» ተብሎ በአንድ ሐረግ የሚታለፈው ነገር ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ድንገተኛ ብልሽት ይመስላል እንጂ ከወራት በፊት የጀመረ ነው። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ መቀየር እንዳለበት የሚያውቅ የቤት መኪና ባለቤት ጥቂት ነው፤ የሞተር ዘይት መቀየሩን ግን ማንም አይዘነጋም።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከዓመታት በፊት ከቤተሰቡ ጋር ወደ ከሚሴ ሲጓዝ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል። መኪናው ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት ጋራዥ ገብቶ «ፍሬኑ ታይቷል» ተብሎ ወጥቶ ነበር። ከደብረ ሲና በታች የተቃጠለ ሽታ ሲመጣ ወደ ዳር ተጠግቶ ለመቆም ተቻለ፤ ኋላ ጎማው ሲፈታ የፊት ግራው ሸራ አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ መሆኑ ታየ። ያየ የተባለው ባለሙያ ጎማውን ከቶ አላወለቀውም ነበር። ስለዚህ ለተገልጋዮቻችን የምንሰጠው የመጀመሪያው ምክር ቀላል ነው፦ ፍሬን ታየ የሚባለው አራቱም ጎማዎች ወልቀው ሸራው በዓይን ሲታይ ነው፤ ባለቤቱም በሥራው ጊዜ ቆሞ ማየት መብቱ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ሲደረስ የቀደሙ አሽከርካሪዎች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ነገር ዛሬም ይሠራል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች ማርሻቸውን «ዲ» ላይ ትተው ከወረዱ ሞተሩ እምብዛም አይዛቸውም፤ ዝቅተኛውን የማርሽ ቦታ መጠቀም ያስፈልጋል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ቆሞ መጠበቅ እንጂ በጋለ ፍሬን ላይ ውኃ ማፍሰስ አይገባም፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲበርድ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ስለ ጎማ ብዙ ስለተባለ አናስረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር፦ ጥርሱ ደኅና የሆነ ጎማ ሁሉ ደኅና አይደለም። በጎማው ጎን ላይ አራት አኃዝ ያለው የምርት ቁጥር አለ፤ የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያመለክታሉ። 2314 የሚል ከተገኘ ጎማው በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር በቆላው አስፋልት ላይ ሰው ጭኖ ለመሮጥ ዕድሜው አልፏል። ንፋሱም የሚለካው ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ጎማው ከጋለ በኋላ ለክቶ «በዛ» ብሎ ማስተንፈስ የተለመደ ስሕተት ነው። ተቀያሪውን ጎማ አብሮ ማስለካት፣ ክሪኩንም ከመነሣት በፊት አንድ ጊዜ መሞከር ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ በቂ ትኩረት ያላገኘው የጭነት ጉዳይ ነው። በሌላው ዓለም ለሽርሽር የሚወጣ ቤተሰብ አልጋና ወጥ ቤት ያለው ተጎታች ቤት ከመኪናው ኋላ አስሮ ይጓዛል፤ ወቅቱ ከመድረሱ በፊትም ማያያዣውን፣ መብራቱንና ጎማውን ያስመረምራል። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ተጎታች ብርቅ ነው። ሥራውን የሚሠሩልን ፖርቶመጋላውና ፒክአፑ ናቸው። ፍራሽ፣ ድንኳን፣ ምንጣፍ፣ ጄኔሬተር፣ የውኃ በርሜል፣ የስንቅ ጆንያ በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይቆለላል። ክብደቱ ወደ ላይ በወጣ መጠን ተሽከርካሪው በመታጠፊያ ላይ የመገልበጥ ዕድሉ ይጨምራል፤ በጣርማበር ጥምዝምዞች ላይ ይህ በወረቀት ላይ የሚቀር ስሌት አይደለም። ከባዱ ዕቃ ወለል ላይ፣ ቀላሉና ሰፊው ጣሪያ ላይ መሆን አለበት። የውኃ በርሜል ባዶውን ተጉዞ ደሴ ላይ ቢሞላ ማንንም አይጎዳም።

ትንንሽ ተጎታች የሚያስሩ የጉዞ ማኅበራትም አሉ። ተጎታች የሚያስር ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ቁልቁለት ላይ የተጎታቹ ክብደት ከኋላ ይገፋል እንጂ አይጎተትም፤ የራሱ ፍሬን የሌለው ተጎታች ሙሉ ሸክሙን በፊተኛው መኪና ፍሬን ላይ ይጥላል። ሁለተኛ፣ ማያያዣው ቢለቅ እንኳ ተጎታቹን የሚይዝ ሰንሰለት፣ ከዋናው መኪና ጋር አብረው የሚበሩ የፍሬን መብራትና ፍሬቻ፣ በግልጽ የሚነበብ ታርጋ ሊኖሩት ግድ ነው። በጉም ውስጥ ከኋላ የሚመጣው ባለ ተሳቢ አሽከርካሪ የሚያየው እነዚህን ብቻ ነው።

በጭነት ተሽከርካሪ ላይ ሰው መጫን ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና አካባቢ ሠርገኞችን የጫነ የጭነት መኪና ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ70 በላይ ወገኖቻችን ሕይወታቸው አልፏል። ወደ መስመራችን ቀረብ ስንል፣ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ ገልጿል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ላይሰማን ይችላል፤ የቦናው ግን የአንድ መኪና ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች ጉዳይ አዲስ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተወሰነ ወዲህ የእነዚህ መኪኖች ቁጥር ጨምሯል፤ ዘንድሮ በዚህ መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጡ ባለቤቶች ይኖራሉ። አምራቹ የጻፈው የርቀት መጠን የሜዳ ነው፤ ወደ ጣርማበር ሲወጡ ባትሪው ከተጻፈው በበለጠ ፍጥነት ይጎድላል፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ እንደ ፍሬን ሆኖ ከጎደለው የተወሰነውን ይመልሳል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ይህ የመያዝ ኃይል ይቀንሳል። ደሴ ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ወዲያው የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ሰው መኪናው እንደ ወትሮው እንደማይይዘው ያስተውላል። ዘጠና ሳይሞላ መነሣት ይሻላል። በኃይል መሙያ ረገድ ከደብረ ብርሃን ወዲያ በመንገድ ላይ ይገኛል ብሎ ከመውጣት ይልቅ የሚያድሩበት ቤት መሙላት እንደሚችሉ በስልክ አረጋግጦ መነሣት ያስፈልጋል። በነዳጅ ለሚጓዙትም አንድ ማሳሰቢያ አለን፦ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ነዳጅ የሚገዛው በዲጂታል ክፍያ ስለሆነ ኔትወርክ በተቋረጠበት ማደያ ደርሶ በጥሬ ገንዘብ እገዛለሁ ማለት አያዛልቅም። ደብረ ብርሃን ላይ ሞልቶ መውጣት ይመረጣል።

ከሸዋ ሮቢት ወዲያ መንገዱ ይስተካከላል፤ አሽከርካሪውም ፍጥነት ይጨምራል። የዚህ ክፍል አደጋ ከተራራው ይለያል። በከሚሴ አካባቢ የተዘረጋው የጨፋ ረግረግ የቦርከና ወንዝ የሚያረጥበው ሰፊ ሣር ነው፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ ከአፋር ቆላና ከኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ወረዳዎች አርብቶ አደሮች ከብትና ግመላቸውን ይዘው ወደዚህ ይመጣሉ። ይህ እንቅስቃሴ ከአስፋልቱ በፊት የነበረ ነው፤ መንገዱ ነው በእነርሱ መተላለፊያ ላይ የተሠራው። ግመል በክላክስ አይሸሽም፤ ይደነግጥና ወደ መንገዱ ይገባል። እግሩ ረጅም ስለሆነ መኪና ሲመታው ገላው በመስታወቱ በኩል ነው የሚመጣው። ፍጥነት ቀንሶ ድምፅ ሳያሰሙ ከኋላው ማለፍ፣ እረኛውም እጁን ሲያነሣ መቆም ይገባል። በተለይ እሑድ በሰንበቴ፣ ሰኞ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ የገበያው ሰውና እንስሳ መንገዱን ይሞላዋል። የባቲን ገበያ ለማየት የሚሄድ ጎብኚ የሲራራ ነጋዴ ልጅ ልጆችን በመኪና መስታወት ሳይሆን በእግሩ ወርዶ ቢያያቸው ለሁሉም ይበጃል።

አሁን ወደ ወረቀቱ ጉዳይ እንምጣ፤ ብዙ ተገልጋዮች የሚጠይቁንም ይህንኑ ነውና። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ ተመርምሮ የምርመራ ምልክቱን፣ በተለምዶ ቦሎ የምንለውን፣ መለጠፍ አለበት። ምርመራው መኪናው በዚያች ቀን የነበረበትን ሁኔታ ያረጋግጣል፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ ጣርማበር ላይ ያለውን ፍሬን አያረጋግጥም። ቦሎ ያለው መኪና ሁሉ ለዚህ መንገድ ብቁ ነው የሚለው እምነት ራሱ የአደጋ ምክንያት መሆኑን ሳንሸፋፍን መናገር ይኖርብናል። የምርመራ ጊዜው በመስከረም የሚያልቅበት ባለንብረት ወረፋው ሳይበዛ በነሐሴ ቢጨርስ ይመረጣል።

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገ ግዴታ ነው። በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው፤ ጉዳት ያደረሰው ተሽከርካሪ መድን የሌለው ወይም ገጭቶ ያመለጠ ቢሆን እንኳ ተጎጂው ለዚሁ ወደተቋቋመው የመድን ፈንድ ማመልከት ይችላል። ይህን የማያውቁ ቤተሰቦች ያላቸውን ሸጠው ያሳክማሉ። ለማመልከት የሚያስፈልገው ዋናው ማስረጃ የፖሊስ ሪፖርት ነው፤ በዚህ መስመር ላይ ደግሞ ሪፖርቱ ከየት እንደሚገኝ ማወቅ ቀላል አይደለም። መንገዱ ከሰሜን ሸዋ ይወጣና በሰንበቴ በኩል ወደ ኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ይገባል፤ አጣዬ ላይ ወደ ሰሜን ሸዋ ይመለሳል፤ እንደገና ወደ አስተዳደሩ ገብቶ ከሚሴን ያልፋል፤ ከዚያም ደቡብ ወሎ ይሆናል። አደጋው የደረሰበትን ቀበሌና ወረዳ በቦታው ጠይቆ መጻፍ በኋላ የሳምንታት መመላለስን ያስቀራል። የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑ ሪፖርቱ በዚሁ ቋንቋ ሊጻፍ ይችላል፤ ለመድን ድርጅቱ ሲቀርብ ትርጉም ከተጠየቀ ጊዜ ስለሚወስድ ቅጂውን በወቅቱ መቀበል ይገባል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን የአምቡላንስ ቁጥር 907 ከከሚሴና ከኮምቦልቻ ፖሊስ ቁጥሮች ጋር በስልክ መዝግቦ መያዝም ጥሩ ነው።

የግል መኪናቸውን ለጉዞ ማኅበራት በገንዘብ የሚያከራዩ ባለንብረቶች አሉ። በተለምዶ ኮድ 2 የሚባለው ታርጋ የተሰጠው ለግል አገልግሎት ነው፤ የመድን ውሉም የተፈረመው በዚሁ መሠረት ነው። ተሳፋሪ አስከፍሎ ሲጭን አደጋ ቢደርስ መድን ድርጅቱ ውሉ ከሚፈቅደው አገልግሎት ውጭ ነበር ብሎ መከራከር ይችላል፤ በመካከል የሚንገላታው ተሳፋሪው ነው። የምትሳፈሩበትን መኪና ሊብሬና የመድን ምልክት አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ከመናኸሪያ የሚሳፈሩ ወገኖች ደግሞ ቲኬታቸውን እስከ መድረሻው ያቆዩ፤ ታሪፍ ላይ ለሚነሣ ቅሬታም ሆነ በመኪናው ውስጥ እንደነበሩ ለማስረዳት የሚጠቅመው ያቺ ወረቀት ናት።

ስለ ጸጥታው ምንም ሳይሉ ማለፍ ለተገልጋይ ታማኝ መሆን አይደለም። የአጣዬና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በ2013 ዓ.ም. ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ ባለው ሁኔታ መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። ጉዞ ከመጀመሩ በፊት በዋዜማው ወደ መናኸሪያዎች ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ፣ በቀን ብቻ መጓዝ፣ መንገዱ ቢዘጋ አንድ ሌሊት የሚያሳድር ስንቅና ገንዘብ መያዝ የጥገናውን ያህል የዝግጅቱ አካል ነው። ለሚጥል በሽታ፣ ለስኳር ወይም ለደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ተጓዥ ካለ ለጉዞው ቀናት ብቻ የሚበቃ መያዝ አይበቃም።

የመልሱ ጉዞ ዳገት ነው። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነሥቶ ወደ ጣርማበር የሚወጣ ሞተር የሚፈተነው በማቀዝቀዣው ነው። ከፍታው በጨመረ መጠን ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል፤ 3,000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ራዲያተሩ ተራ ውኃ ብቻ የያዘ፣ ክዳኑም ግፊት የማይይዝ ከሆነ ከደብረ ሲና በላይ መቆም አይቀርም። ስለዚህ ከሚሴ ያደረ ተጓዥ ማለዳ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተሩን ልክ ይመልከት፤ የጋለውን ክዳን በመንገድ ላይ ከፍተው ፊታቸው የተቃጠለ ሰዎች አሉ። ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ የአየር ማቀዝቀዣውን ማጥፋት፣ ካልወረደም ሰፊ ቦታ ፈልጎ መቆም ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ለመግዛት የሚቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ ሞተሩም በዚያው ዕረፍት ያገኛል።